ከአስር ቁጥር በስተጀርባ ያለው ምስማር

ሥራ የጀመርኩ ቀን የቀድሞው ትጥቅ ያዥ ቁልፉን ሰጠኝና «ጭቃው ሳይደርቅ አትጠቢ፤ መጀመሪያ ይድረቅ፣ ይራገፍ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ሌላ ያስተማረኝ ነገር የለም። ስለ እግር ኳስ የማውቀው ልጆቼ በእሱ ምክንያት ጫማ ቶሎ እንደሚጨርሱ ብቻ ነበር።

ክለቡ እዚሁ ሆሳዕና ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የትጥቅ ክፍሉ በካምፑ ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ግድግዳዋ ላይ ከበሩ እስከ መስኮቱ ምስማር ተመትቷል። እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ ቁጥር አይቸግረኝም። ማልያዎቹን ከአንድ ጀምሬ በተራ ሰቀልኳቸው።

አሰልጣኙ መለሰ ገባና አየ። ዕድሜው ከመጀመሪያ ልጄ ጋር እኩል ነው። «እማማ፣ ጥሩ ሰቅለዋል፤ ግን እንደዚህ አይደለም» አለና ሁሉንም አወረደ። ከዚያ ሜዳ ላይ እንደሚቆሙት አድርጎ መልሶ ሰቀላቸው። ግብ ጠባቂው በሩ ጋ፣ ቀጥሎ ተከላካዮቹ፣ ከዚያ አማካዮቹ፣ አጥቂዎቹ መስኮቱ ጋ። ስድስት ቁጥር ከአስር ቁጥር በስተጀርባ ሆነ።

«ቁጥሩ በተራ ካልሆነ አንዱ ሲጠፋ በምን አውቃለሁ?» አልኩት።

«ሰው ሲጎድል ይታወቅዎታል» አለኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። እንዳለው ግን መስቀሌን ቀጠልኩ።

አስር ቁጥር የተመስገን ነበር። የአንጋጫ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ሁሉም ተጫዋቾች «አማ» ይሉኛል፤ በሀዲይኛም በከምባትኛም እናት ማለት ነው። እሱ ግን መጀመሪያ የጠራኝ ከመጣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ሜዳ ላይ ሳየው ደነገጥኩ። ኳሷን ማንም ወደሌለበት ቦታ ይሰዳታል። ይሄ ልጅ አበደ ስል አጥቂው ሄኖክ ከየት መጣ ሳይባል እዚያው ይደርሳል። ኳሷና ሰውየው ተቀጣጥረው የተገናኙ ይመስላል።

አንድ ቀን ታኬታውን ሲያመጣልኝ ጠየቅኩት። «እዚያ ሰው እንደሚመጣ በምን አወቅክ?»

«ሄኖክ ሊሮጥ ሲል ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ አማ። አሰልጣኝ ናቸው ያሳዩኝ። ሳምንቱን ሙሉ ኳስ ሳልነካ ትከሻ ብቻ ስመለከት ሰነበትኩ።»

ከዚያ በኋላ እኔም ጠዋት ጠዋት ልምምዱን አያለሁ። መለሰ አይጮህም። ፊሽካውን ይነፋል፣ ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ ወደ አንዱ ይሄድና ትከሻውን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ያቆመዋል። ሌላ ምንም አይናገርም። ጨዋታው ሲቀጥል ግን ቅድም ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ሰውን በሁለት እርምጃ እንዲህ የሚለውጥ አላየሁም።

ስድስት ቁጥር ኤርሲዶ ነበር። የሾኔ ልጅ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ቀልደኛ። ሥራው ከተጋጣሚ ኳስ ነጥቆ ለተመስገን መስጠት ነው። ከጨዋታ በኋላ ማልያው ቆሞ ሊሄድ የደረሰ የጭቃ ድርቆሽ ይሆናል። የተመስገን ማልያ አንገቱ ላይ ላብ ብቻ ነው ያለው። ደጋፊው ግን የሚዘፍነው ለተመስገን ነው። ኤርሲዶን «አይከፋህም ወይ?» ስለው «አማ፣ ለእኔ የምትዘፍን ካለች ሽማግሌ ልኬ ሚስቴ አደርጋታለሁ» ይለኛል።

ከተማው በሙሉ አንድ ክርክር ብቻ ነበረው፤ ቡድኑ የሚያሸንፈው በማን ነው የሚል። ባጃጅ ላይ ስወጣ ሾፌሩ «እማማ፣ አንቺ የውስጥ ሰው ነሽ፤ እውነቱን ንገሪን። ልጁ ነው ወይስ አሰልጣኙ?» ይለኛል። «ሌሎቹስ?» ስለው «እነሱማ ይሮጣሉ» ይላል። በዚህ መልስ እናደድ ነበር።

ወደ ላይኛው ሊግ ልናድግ ጥቂት ጨዋታ ሲቀረን ተመስገን በልምምድ ላይ ኤርሲዶን በሰው ፊት ሰደበው። «ኳስ ማቀበል እንኳን አትችልም፣ በሬ» አለው። መለሰ ፊሽካውን ነፋ። ልምምዱን አስቀጠለ። በሚቀጥለው ጨዋታ ግን ተመስገንን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ተሸነፍን።

በማግሥቱ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አቶ ታደለ መለሰን አስጠርተው አሰናበቱት። መለሰ ከቢሮው ሲወጣ ወደ ትጥቅ ክፍሉ መጣ፤ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ በሩ አጠገብ ካለው ባዶ ምስማር ላይ ሰቀለው። «ይሄ የክለቡ ንብረት ነው» አለኝና ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ወደ አዲሎ ሄደ።

እኔ ቢሮ ገባሁ። አቶ ታደለ ክፉ ሰው አይደሉም። «ይሄ ፍርድ አይደለም» አልኳቸው።

«እማማ፣ ሕዝቡ የሚመጣው ተመስገንን ለማየት ነው። እሱን የሚያስቀምጥ አሰልጣኝ ይዤ ሕዝቡን ምን ልበለው?»

«ተመስገንን ተመስገን ያደረገው ማን ነው?»

«እግዚአብሔር» አሉኝ። ወጣሁ።

ምክትል አሰልጣኙ ቡድኑን ያዘ። አሸነፍን፤ ደግመንም አሸነፍን። ባጃጅ ነጂው «አየሽ? ልጁ ነው!» አለኝ። «የሚሮጡት መለሰ ያስለመዳቸውን ሩጫ ነው» ብዬው ወረድኩ።

ከዚያ ኤርሲዶ ጉልበቱን ተመታ። ወጌሻው አይቶት ራሱን ነቀነቀ። በሚቀጥለው ጨዋታ ተመስገን ኳስ ሲደርሰው ሁለት ሰው ጀርባው ላይ ነበር። ቀና ብሎ የሄኖክን ትከሻ ማየት አልቻለም። ሲወድቅ ሲነሳ ዋለ፤ ተሸነፍን። የመጨረሻው ጨዋታ ብቻ ቀረን፤ ካላሸነፍን ማደጉ ቀረ።

ያን ዕለት ማታ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ተመስገን መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። ስድስት ቁጥር ታጥቦ በቦታው ተሰቅሏል፤ አስር ቁጥር ጭቃው እስኪደርቅ ወለሉ ላይ ተነጥፏል።

«አማ፣ የእኔ ማልያ ድሮ እንደዚህ ይቆሽሽ ነበር?»

«አይቆሽሽም ነበር።»

ኋላ «አሰልጣኝ መለሰ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር?» አለ።

«ስልኩ አለህ አይደል? እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«በምን ፊቴ እደውላለሁ?»

«በስልክ ፊት አይታይም። ደውል።»

ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሰማሁ። ተመስገን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር መለሰ አቋረጠው። መጀመሪያ የጠየቀው «ኤርሲዶ ጉልበቱ ላይ በረዶ ይያዝለታል ወይ?» ብሎ ነው። ከዚያ «ስማ። እሱ እስኪድን አንተ ኤርሲዶ ሁን» አለው።

«እኔ ኋላ ከቀረሁ ኳሱን ማን ያቀብላል?»

«ሄኖክ። ስንት ዘመን ስታቀብለው ኖረሃል፤ እንዴት እንደምታይ ያውቃል። አንተ ጭቃውን ያዝለት።»

የመጨረሻውን ጨዋታ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር አጠገብ ሆኜ አየሁ። ሜዳው ቀይ ማጥ ነበር። ተመስገን ኤርሲዶ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ቆመ። ደጋፊው «ወደፊት ሂድ!» ብሎ ጮኸበት፤ አልሄደም። ያ እግሩን እንደ ዓይኑ የሚጠብቅ ልጅ በደረቱ እየተንሸራተተ ኳስ ሲነጥቅ፣ ሲነሳ፣ እንደገና ሲንሸራተት ዋለ። ኤርሲዶ በምርኩዝ ቆሞ «ዝቅ በል! ዝቅ!» ይለዋል።

ሊያልቅ ሲል ተመስገን አንዷን ኳስ ነጥቆ ለሄኖክ ሰጠ። ሄኖክም ማንም ወደሌለበት ቦታ ሰደዳት። እኔ አሁን ስለገባኝ ኳሷን አላየሁም፤ ሰው ፈለግኩ። የክንፍ ተጫዋቹ በሌላ በኩል እየበረረ ደረሰ፤ አገባት። ወንበሩ ላይ የሌለ ሰው፣ አንድ እግሩ የማይሠራ ሰው፣ ጭቃ ውስጥ የተጋደመ ሰው፣ ሁሉም በዚያች ኳስ ውስጥ ነበሩ። ያን ዕለት የተመስገን ማልያ ቁጥሩ አይነበብም ነበር።

ባደግን በሳምንቱ ደጋፊዎች አንድ ሰንጋ አምጥተው ካምፑ ግቢ ውስጥ አሰሩ። «ለተመስገን ነው» አሉ። አቶ ታደለም «ወደ አንጋጫ የሚጭን መኪና እናዛለን» አሉ።

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ተመስገን ቀደመኝ። «እዚሁ ይታረድ። ቅርጫ ይሁን» አለ።

አቶ ታደለ «የሰጪው ቃል ለአንተ ነው» አሉት።

«ለእኔ ከሆነማ እንዳልኩ ይሁን።»

ኤርሲዶ «ቀንዱ ለእኔ፤ ምርኩዜ ሊሰበር ነው» አለ። ሳቁና ካራ ተፈለገ።

የእንሰት ኮባ ግቢው ውስጥ ተነጠፈ። ቅርጫ መደልደል እኔ አውቃለሁ። ከጉበቱም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከአጥንቱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል፤ አንዱን ከአንዱ መምረጥ ከቻላችሁ አልተደለደለም ማለት ነው። ለተጫዋቾቹ፣ ለምክትሉ፣ ለወጌሻው፣ ለአቶ ታደለ፣ ለዘበኛው፣ ለእኔም ደረሰ። ከዚያ ጎን አንድ ኮባ ጨምሬ አነጠፍኩ።

«ይሄ የማን ነው?» አሉኝ አቶ ታደለ።

«የመለሰ።»

«እማማ፣ መለሰ እኮ አሁን የክለቡ ሰው አይደለም።»

«ያሸነፍነው በእሱ አይደለም ካሉ ኮባውን አነሳለሁ። እስቲ እንደዚያ ይበሉ።»

ሁሉም እሳቸውን አየ። አቶ ታደለ መሬት መሬት አዩና «ይደልደል» አሉ።

ለዕጣው እያንዳንዱ አንድ ዕቃ ሰጠ፤ ቁልፍ፣ አዝራር፣ የጫማ ክር። ተመስገን ወደ ትጥቅ ክፍሉ ሄዶ ፊሽካውን ከምስማሩ አመጣና ከዕቃዎቹ ጋር ቀላቀለው። የማን የቱ እንደሆነ ያላየ መንገደኛ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ አንዳንድ አስቀመጠ። ፊሽካው ከተመስገን ቁልፍ አጠገብ ወደቀ። ሄኖክ «አሁንም ጎን ለጎን ሆኖ ሊነፋበት ነው» አለ።

ሥጋውን በኮባ ጠቅልለን እኔና ተመስገን በሚኒባስ ወደ አዲሎ ሄድን። መለሰ ከማሳው መቆፈሪያ ይዞ ወጣ። ተመስገን ጥቅሉን በሁለት እጁ ሰጠው።

«ከየትኛው ብልት ነው?» አለ መለሰ።

«ከሁሉም» አለው ተመስገን።

መለሰ መቆፈሪያውን አስቀመጠና ጥቅሉን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ «ግቡ፣ ሚስቴ ቤት ናት» አለን።

ዛሬ ቁልፉን ለሌላ ሰው አስረክቤ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ አሁንም ልጁ ነው ወይስ አሰልጣኙ ይሉኛል። እኔ ልለያቸው አልቻልኩም። ትጥቅ የምትይዙ ልጆች ግን ማልያ በቁጥር ተራ አትስቀሉ። በሚቆሙበት ስቀሉ፤ ሰው ሲጎድል ይታወቃችኋል።