ጉልበቴ ላይ የቀረው ባና

ስለ አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ መጻፍ ለሰው ምን ይጠቅማል ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍላችን መስኮት ላይ ያሰጣሁት ባና ዝናብ ሲነካው፣ የእርጥብ በግ ፀጉር ሽታው መንዝ ያለውን ቤታችንን ይመልስብኛል።

እኔና ታላቅ እህቴ አስናቀች ለየራሳችን አንዳንድ ጥቁር በግ ነበረን። ክረምቱ ሲወጣ አባታችን በጎቹን ይሸልት፣ እናታችን እቴቴ ፀጉሩን አጥባ፣ በደጋን ነድፋ፣ ፈትላ በየእንቅባችን ታስቀምጥልን ነበር። ለአንድ ባና የሚበቃ ፈትል እስኪጠራቀም ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ አስናቀች ግን እንቅቧን ዞር ብላ ስታይ እንኳ አላየኋትም። ያ እርጋታዋ ያንገበግበኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጥቅምት ውርጭ፣ የጎረቤታችን ልጅ አዲስ ባና ለብሳ ሳያት አላስችል አለኝና የኔ አሁኑኑ ይሠራልኝ ብዬ አለቀስኩ። እቴቴ «ይቺ ፈትል ለዛሬ ቁመትሽ ናት፤ አንቺ ደግሞ ገና ታድጊያለሽ» ብትለኝም አልሰማኋትም። ባናው ከሸማኔ ቤት ተሠርቶ ሲመጣ አስናቀች እንድትቀና ፊት ለፊቷ ተከናንቤ ተመላለስኩ፤ እሷ ግን ጫፉን ዳበስ አድርጋ «ያምራል» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ባለመቅናቷም ቀናሁባት።

ጥቂት ክረምቶች እንዳለፉ ቁመቴ ተመዘዘና ባናው ጉልበቴ ላይ ቀረ። አባቴ ስንተኛ፣ እግሬ ከባናው ወጥቶ ሌላ ከተማ የሚያድር ይመስል፣ «እግርሽ ዛሬ የሚያድረው ቀየት ነው ዘመሮ?» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ባና ከተሸመነ በኋላ በሙቅ ውሃ ተረግጦ ስለሚጠብቅ ተፈትቶ አይቀጠልም፤ ስለዚህ ከባዶ እንቅብ እንደገና ጀመርኩ።

አስናቀች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ ስትሄድ ሰፊው ባናዋ ደረሰላት። ቅዳሜ ይዛው ስትመጣ አብረን እንልበሰው ትለኛለች፤ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ አይበርደኝም እላት ነበር። አንድ ቀን ግን «አንቺ ምን አለብሽ፣ መቸኮል አታውቂ» አልኳት።

«ማን ነግሮሽ?» ብላ ሳቀች። «እንቅቡን ካየሁት እቴቴን ሥሪልኝ ብዬ እንደማስጨንቃት ስለማውቅ ነው የማላየው።»

ከዚያ ወዲያ የኔንም እንቅብ ዓይኔ ከማይደርስበት ቆጥ ላይ ሰቀልኩት።

ወደዚህ ልመጣ ስል ሁለቱን ባናዎች፣ የሷንና በመጨረሻ የደረሰልኝን አዲሱን የኔን፣ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። ወርዳቸውም ቁመታቸውም እኩል ነው፤ የሷ ግን ለዓመታት ተለብሶ ለስልሷል፣ የኔ ገና ይኮሰኩሳል። አሁንም ቀናሁ። ያኔ ቢሆን አለቅስ ነበር፤ ዛሬ ግን ልስላሴውን እቴቴም ሸማኔውም እንደማይሰጡኝ ስለማውቅ፣ እየኮሰኮሰኝ እለብሰዋለሁ። ከሸማኔው ቤት የወጣው ገና ባለፈው ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ነው።