የተገዘተው ገብስ

እማሆይ ጥሩወርቅን የማያውቅ ሰው ድምፃቸውን ከሩቅ ሲሰማ ከሰው የተጣሉ ይመስለው ነበር። ሲጸልዩም ሲመርቁም ያው ቁጣ ነው። የተወለዱት ነጋዴ በሚበዛበት በይፋግ ነው፤ ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ቀስ ብሎ መናገር ከየት ይማራል? ባላቸው ሲሞት፣ ልጅም ስላልነበራቸው፣ ቆብ ደፍተው ወደ ጉና ወጡና ጥድ አምባ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ጎጆ ቀለሱ። ግቢውን መጥረግ፣ የመገበሪያውን ስንዴ መልቀም፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ መያዝ ሥራቸው ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። የጉናን ብርድ ሳያማርሩ የዋሉበት ቀን ግን አልነበረም።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በግንቦት፣ ባንዳ ቆላውን እያቃጠለ ወደ ደጋው መቃረቡ ተሰማ። ሰው ሁሉ ያለችውን ገብስ በየስልቻው እየሞላ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት አስገባ። ቤት ቢቃጠል የታቦቱን ግቢ አይደፍሩም ተብሎ ነው። ነገር ግን ባንዳን የፈራ ሰው ጎረቤቱንም መጠርጠሩ አይቀርም፤ የእገሌ እጅ ረዥም ነው የሚል ሹክሹክታ ገና በመጀመሪያው ቀን ተነሣ። የአጥቢያው ቄስ አባ ማሩ ይህን ሲሰሙ ሕዝቡን ሰብስበው፣ መስቀላቸውን አውጥተው፣ እኔ ቆሜ ካልከፈትኩት በቀር ይህን ገብስ የነካ ውግዝ ይሁን ብለው ገዘቱ። ሹክሹክታው በዚያው ቆመ። ጥሩ መላ ነበር፤ የገዘቱት ቄስ በቦታቸው ቢኖሩ ኖሮ።

በሰኔ መጨረሻ የጣሊያን ሶላቶዎች መጥተው ለአርበኛ ስንቅ ሰጥተሃል በማለት አባ ማሩን አስረው ወደ ደብረ ታቦር ወሰዷቸው። መንደሩንም አቃጠሉት። ወንዶቹ ጫካ ናቸው፤ ሴቶቹ ዳስ ጥለው በዝናብ አረም ሊያርሙ ይወጣሉ። እንዲህ እያለ ሐምሌ ገባ። የጉና ሐምሌ በደህናውም ዘመን ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው።

እማሆይ መጀመሪያ ያደረጉት ልጆቹን መሰብሰብ ነው። እናቶቹ ማሳ ሲወርዱ ሕፃናቱን ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስገብተው፣ እሳት አንድደው፣ አቡነ ዘበሰማያት ሲያስጠኗቸው ይውላሉ። የተሳሳተውን ይቆጡታል፤ ያልተሳሳተውንም እንዳይሳሳት ይቆጡታል። ልጆቹ ሳቁባቸው እንጂ አልፈሯቸውም። እያደር ግን ሳቁ ቀነሰ፤ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው የሚያደርስ ልጅ ጠፋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘነበች የምትባል እናት ልጇን ሙሉን ልትወስድ መጣች። ሙሉ የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ በረሃብ በእግሯ መቆም አቅቷታል። ዘነበች ልጇን አቅፋ የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ከግድግዳው ወዲያ የራሷ ሁለት ስልቻ ገብስ አለ። ክፈቱልኝ አላለችም፤ ግዝት አለበታ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። እማሆይ ይህን ከደጀ ሰላሙ በር ሆነው አዩ።

በማግስቱ ወንዝ ተሻግረው የጎረቤት አጥቢያ ቄስ ዘንድ ሄዱና ግዝቱን እንዲፈቱላቸው ለመኑ። ቄሱ ከልባቸው አዘኑ፤ ነገር ግን የገዘተው ይፍታ እንጂ የሌላውን ካህን ቃል እኔ አልፈታም አሉ። እማሆይ መንገዱን ሁሉ ብቻቸውን ሲነታረኩ ተመለሱ። ግዝት እየፈሩ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ሳይፈታ ከመሞት የከፋ ነገር አያውቁም። ፈሩ፤ በጣም ፈሩ።

ደጀ ሰላሙ ሲደርሱ እናቶቹን ጠሩ።

"እጃችሁን ወደዚህ በር እንዳታስጠጉ" አሏቸው። "የምከፍተው እኔ፣ የምሰፍረው እኔ፣ የማበስለው እኔ። እናንተ ልጅ አላችሁ። እኔ ነፍሴን ለማን ብዬ እቆጥባለሁ?"

ዘነበች እግራቸው ላይ ወድቃ እንዲተዉት ለመነቻቸው። ቀሚስሽን ከጭቃው አንሺ ብለው ተቆጧትና በሩን ከፈቱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰንበቴው ትልቅ ድስት ከእሳት አልወረደም። እማሆይ ከየስልቻው በየተራ እየዘገኑ፣ ራሳቸው ከክተው፣ ቅንጬ ያበስላሉ። እናቶቹ ከአረም ሲመለሱ ከልጆቻቸው ጋር በልተው፣ እሳት ሞቀው ወደየዳሳቸው ይሄዳሉ። አንዲት ስልቻ እንኳ ያላስገባችውም ትበላለች። የሸማኔው የኑሩ ልጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲያዩ፣ ብርድ ላይ ምን ያስቆማችኋል ተብለው በቁጣ ገብተዋል። ፍልሰታ ሲገባ አዋቂው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመ፤ የሕፃናቱ ድስት ግን እንደ ወትሮው ነው።

እማሆይ ግን ውግዝ ነኝ ብለው የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ መርገጥ ተዉ። ከሩቅ፣ ከጥዱ ሥር ሆነው ይሳለማሉ። ከገብሱም አልቀመሱ፤ ምግባቸው የተቀቀለ ጎመን ነው። ነጎድጓድ ባጓራ ቁጥር ማማሰያውን ትተው ያማትባሉ፤ ሳይፈታልኝ ብሞትስ ይላሉ። ሙሉ በነሐሴ አጋማሽ እየሮጠች መጥታ ድስቱን ልትደፋው ምንም አልቀራት። ተቆጧትና ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ልጆቹ በሩፋኤል ዝናብ ሊጠመቁ ልብሳቸውን ጥለው ሲቦርቁ፣ ጢሙ የረዘመ ሰው በምርኩዝ እየተጎተተ መጣ። አባ ማሩ ነበሩ። ጣሊያን ለቋቸው ከደብረ ታቦር በእግራቸው መምጣታቸው ነው። በሩ ላይ ቆመው ልጆቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወደ እማሆይ ዞረው፣ ሰላምታም ሳይሰጡ፣

"ዕቃ ቤቱ ተከፍቷል?" አሉ።

እማሆይ እግራቸው ሥር ወደቁ። "እኔ ነኝ፣ አባቴ። ሌላ ሰው እጁን አላስገባም።"

አባ ማሩ ምርኩዛቸውን ጥለው አጠገባቸው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማሆይ ቁጣ መስሏቸው ነበር፤ ልቅሶ ነው።

"ሁለት ወር ሙሉ የጸለይኩት አንድ ጸሎት ነው" አሉ አባ ማሩ። "ኪዳነ ምሕረት፣ ቃሌን የሚጥስ አንድ ሰው አታሳጪኝ አልኩ። ታዝዛችሁኝ ልጆቹ አልቀው እንዳላገኝ ነበር ፍርሃቴ።"

መስቀላቸውን ወታደሮቹ ቀምተዋቸው ስለነበር ባዶ እጃቸውን በእማሆይ ራስ ላይ ጭነው፣ እግዚአብሔር ይፍታዎ አሉ። እማሆይ ከሐምሌ ጀምሮ ደረታቸው ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ሲለቃቸው ተሰማቸው። አባ ማሩ ግን እጃቸውን አላነሡም።

"እኔንስ ማን ይፍታኝ?" አሉ ዝቅ ብለው።

እማሆይ ተነሥተው ሄዱና ቅንጬ በጣባ ሞልተው አመጡላቸው።

"ይብሉ፣ አባ" አሉ። "ልጆቹ ጠግበው የተረፈ ነው።"

አባ ማሩ በዝናቡ ውስጥ እንደተቀመጡ በሉ። እማሆይም ከድስቱ ለራሳቸው ቀዱና ከጎናቸው ተቀመጡ።