የእትዬ ገበያነሽ ግራ ገጽ

አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር የተከራየሁት ከእትዬ ገበያነሽ ግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ስምና ቀን ስጽፍ እውላለሁ፤ እሳቸው ግን ከእኔም ይብሳሉ። የጸሎት ደብተር አላቸው። በቀኝ ገጽ ልመናቸውን ከነቀኑ ይጽፋሉ፤ ግራው ገጽ ለእግዚአብሔር መልስ ክፍት ይቀመጣል። ልጅ ሆነው ዱራሜ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማሩት ነው።

አንድያ ልጃቸው ኤልናታን አምና ግንቦት ላይ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጣ። በአውሮፕላን እንዳይመስላችሁ፤ በሞያሌ፣ በደላላ ነው። የዚያን ቀን ደብተሩ ላይ «ኤልናታን ዛሬ ሄደ። የሠራሁለትን አረንጓዴ ሹራብ በቦርሳው ይዟል» ተብሎ ተጻፈ። ከናይሮቢ ደወለ፣ ተጻፈ። ከታንዛኒያ ደወለ። «እማ፣ ነገ ጫካውን እናቋርጣለን» አለ። እሱም ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ድምፁ የለም። ቀኙ ገጽ «ዛሬም አልደወለም» እየተባለ ይሞላል፤ ግራው እንደነጣ አለ።

የሹራቡን ነገር ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ልጁ በሄደ በሦስተኛው ሳምንት ፍራሹን ፀሐይ ላይ ልናሰጣ ስናነሳ ከሥሩ ተጣጥፎ አገኘነው። ሸክም በዛብኝ ብሎ ይሆናል፣ እናቱ እንዳያዩ ደብቆ ትቶት ሄዷል። እትዬ ገበያነሽ ደረታቸው ላይ አድርገውት ቁጭ አሉ።

«ደብተሩን ያርሙት እንጂ» አልኳቸው፤ የሬጅስትራር አመል አይለቅም።

«ተዪኝ ናርዶስዬ። በደብተሬ ላይ እንኳ አይብረደው።»

ከዚያ በኋላ በየልመናው መጨረሻ «ሹራቡ ያሙቀው» የምትል መስመር ተጨመረች።

ባህል አዳራሽ አካባቢ አዳራሽ ተከራይቶ «ነቢይ ክብሩ» የሚባል ሰው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ! ሰው የጸሎት ርእሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መድረኩ ላይ ያስቀምጣል፣ ሳምንት ይጸለይበታል። እትዬ ገበያነሽ ሙሉ ደብተሩን ወስደው አስቀመጡ።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ገመናዎን?»

«ከጌታ ምን እደብቃለሁ?» አሉኝ። የሰጡት ግን ለጌታ አልነበረም።

እሑድ አብሬያቸው ሄድኩ። ነቢዩ ዓይኑን ጨፍኖ ሲንጎራደድ ቆየና ድንገት ቆመ። «ገበያነሽ የምትባል እናት እዚህ አለች!» እትዬ ገበያነሽ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ተነሱ። በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት አንቺ እያለ ቀጠለ። «ልጅሽ ኤልናታን ጫካ ገብቷል! ሞተ ብለሽ አልቅሰሻል! እኔ ግን በሕይወት አየዋለሁ!» እትዬ ገበያነሽ እንባቸው ይወርድ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ለአንድ አፍታ አመንኩ። «አየዋለሁ! አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል! ሹራቡ አሙቆታል!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የእትዬ ገበያነሽ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ።

አስተናጋጁ ማይክ አፋቸው ላይ ደቀነ። «እህቴ፣ መስክሪ!»

«ሹራቡ ቤት ነው» አሉ።

ኪቦርዱ ጮኾ ድምፃቸውን ዋጠው፣ ሕዝቡ አሜን አለ። ከአጠገባቸው ከቆምኩት ከእኔ በቀር የሰማቸው አልነበረም። እሳቸውም አልደገሙትም፤ መድረኩ ላይ ወጥተው ደብተራቸውን አንስተው ወጡ።

ባጃጅ ውስጥ ያን ሰው አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። ፖሊስ ጋ እንሂድ፣ ሕዝቡ ይወቅበት አልኩ። እትዬ ገበያነሽ ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ።

«ምን ብለን እንከሰዋለን? የገዛ ውሸቴን ነው የመለሰልኝ» አሉ። ደግሞም «ያን ፍራሽ ባናነሳው ኖሮ ዛሬ ልጄ በሕይወት ነበር» አሉኝ።

ቤት እንደገባን ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ግንቦት ላይ የጻፉትን ገልጠው እስክሪብቶ ተቀበሉኝ። ቀኙን ገጽ አልነኩትም። በግራው፣ ለመልስ በተተወው ባዶ ገጽ ላይ፣ የመጀመሪያውን መስመር ጻፉ፦

«ሹራቡን ትቶ ሄዷል። ልጄን በርዶታል።»