ቨርናና አንካሳው ኮዮቴ

ቨርና ቶለፍሰን ቂም ስትይዝ እንደ ቋንጣ አድርቃ ነው የምታስቀምጠው። ያን ጸደይ ሁለት ቂም ይዛ ነበር፤ አንዱን ባንካሳው ኮዮቴ፣ አንዱን በጎረቤቷ በደልማር።

ኮዮቴው ያው ቀበሮ መሳዩ ሌባ ነው። አንድ እግሩን ወጥመድ አስቀርቶበት፣ በሦስቱ እያነከሰ ከሞንታና ሜዳ ይመጣና የግልገሎቿን ጉሮሮ ይዞ ይጥላል። አስራ አንድ ጨረሰባት። የመጨረሻዋ በጡጦ ያሳደገቻት፣ ከኋላ ከኋላዋ ኩስ ኩስ የምትለው ዶቲ ነበረች። ዶቲን ስትቀብር አላለቀሰችም። "አጥሬ ላይ ካልሰቀልኩህ ቨርና አይደለሁም" ብቻ አለች።

ደልማርስ? መኪናው ላይ ያልሰካው መብራት የለም። በሪሞት የምትሠራ፣ እንደቆሰለ ጥንቸል እየጮኸች ኮዮቴ የምትጠራ ሳጥንም አለችው። ቁርስ ቤት ደረቱን ነፍቶ፣ "ባንድ ሌሊት እጨርስልሻለሁ፤ አንቺ ሹራብሽን ሥሪ" አላት። ሰው ሁሉ ሳቀባት።

ሄደ። ሳጥኗን አስጮኸ። ኮዮቴው መጣ። ይሄኔ ጅሉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ነጩን መብራት ፊቱ ላይ ቦግ! ተኮሰ፣ ሳተ። ከዚያ ወዲህ ያ አውሬ የጥንቸል ጩኸት ከሰማ እግሬ አውጪኝ ነው። እንዲህ ያለውን እኛ "የተማረ" እንለዋለን።

"ደልማር፣ ዩኒቨርሲቲ ከፈትክ አሉ?" አለችው ቨርና ቁርስ ቤት። "ስንት አስመረቅክ?"

"ተይኝ እስቲ! ሳጥኗን ላውስሽና አንቺ ሞክሪያት።"

"ሳጥንህ ላንተው ይሁን።"

ቨርና አፍ አላት። የፓስተሩን ሳል፣ የደልማርን ማንኮራፋት ሳይቀር ታስመስላለች። ማንኮራፋቱን የት እንደሰማችው አይጠየቅም።

በዚያው ሌሊት ነፋሱን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ጠመንጃዋን ድርቆሽ ክምር ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። የእጅ መብራቷን ቀይ መስታወት አልብሳዋለች፤ ቀይ ብርሃን ኮዮቴን እምብዛም አያስበረግገውም። ጨረሩንም ሽቅብ ይዛ፣ ሜዳውን በጠርዙ ብቻ ዳሰሰችው። ከዚያ አፏን ከፍታ ዶቲን ሆነች፤ ጡጦ ሲዘገይባት እንደምትለው፣ "ሜ... ሜኤኤ..."።

ሁለት ዓይን በራ። ቀረበ። ቆመ። እጇ መብራቱን ፊቱ ላይ ልልቀቅ ልልቀቅ አላት። "የደልማር እጅ አትሁን!" ብላ በሆዷ ሰደበችው። ዓይኖቹ ደግሞ መጡ፤ ዘንበል ቀና፣ ዘንበል ቀና። ማነከሱ ነው። ያን ጊዜ ቀዩን ጨረር ዝቅ አድርጋ ደረቱ ላይ አሳረፈችው።

"ይቺ የዶቲ ናት" አለችና ተኮሰች።

ጠዋት ደልማር በየቀኑ የሚያልፍበትን፣ የቨርና አጥር ላይ ያለውን የመንገድ በር ሊከፍት ከመኪናው ወረደ። አንካሳው ከበሩ አጠገብ፣ ፊቱ ወደ ደልማር ቤት ዞሮ፣ አጥሩ ላይ ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል። ቨርና ወገቧን ይዛ ቆማለች።

ደልማር ባርኔጣውን አወለቀ። "በየትኛው ማሽን ነው?"

"ሜኤኤ" አለችው።

በጋው ገብቶ ሽታው ሲብስበት እቤቷ ድረስ መጥቶ ለመናት። "ቨርና፣ በፈጠረሽ አውርጂው።"

"ዶቲ ስትነሳ" አለችውና በሯን ዘጋች።