አባቴ ለሸንጎ የተወዳደረበት ሰኔ

ባለፈው ሳምንት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ የቆሙ ሴትዮ ወደ ኋላ ዞረው፣ ኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የምርጫ ማስታወቂያ ነው። እጩውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል፤ ምልክቱ ግን ለዓይናቸው አልታይ ብሏቸዋል። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እሱስ ደህና ልጅ ነበር፤ ምልክቱ ግን ደስ አይልም» አሉ። ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ይህንኑ ክርክር በደርግ ጊዜ፣ በዚሁ በጉለሌ ዳገት ላይ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ተከራክሬ ተሸንፌበታለሁ። አሁን ጉልበቱም የለኝ።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። አባቴ አቶ ዘለቀ ቀጨኔ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የቸገረው ሲመጣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያያል። የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ይለዋል። እሱ በተጠራ ቁጥር «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» ይላል። ስለ ራሱ ደግ ነገር ሲነገር መቀመጫ የሚያጣ ሰው ነበር፤ ይህ ጠባዩ ከልጅነቴ ጀምሮ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ እየሳቀ ገባ። ለብሔራዊ ሸንጎ እጩ ሆነሃል ብለውታል። ፈቃዱን አልጠየቁትም፤ ነገሩት እንጂ። በዚያ ምርጫ ለአንድ ወንበር ሦስት እጩ ይቀርባል፤ ሦስቱም ከበላይ የተፈቀደላቸው ናቸው። መልእክቱን ያመጣለት ሰው ወደ ጎን ወስዶ፣ ሦስተኛ ሰው ስለጎደለ ነውና ብዙ አይጨነቁ ብሎታል። አባዬ ይህን እንደ ቀልድ አወራን። እኔም ሳቅኩ። እናቴ አስካለ ግን ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ መሬት አስቀምጣ እምቢ ማለት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። አይቻልም አላት። ሰፌዱን አነሳችና መልቀሟን ቀጠለች።

ከዚያ ምልክት ታደለ። ማንበብ የማይችለው ሰው በሥዕል እንዲመርጥ ለየእጩው አንድ አንድ እንስሳ ተሰጠው። አንድ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ዝሆን ደረሰው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ፣ ጉለሌን ከመኪና መስኮት ካልሆነ አይቷት የማያውቅ ባለሥልጣን ቀጭኔ ደረሰው። ለአባዬ አውራሪስ ወጣለት።

አውራሪስ አይቶ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። የታተመው ሥዕልም ቀለሙ ተጨማልቆ ቀንዱና አፍንጫው አይለይም። ቀጭኔው ግን አንገቱ ከሩቅ ይታወቃል፤ ደግሞም ቀጨኔ ለሚኖር ሰው ቀጭኔ ማለት የራሱ ሰፈር ስም መሰለው። «ስማችንን ይዞ መጥቶ እንዴት እምቢ እንለዋለን?» ይሉኝ ነበር፣ የምራቸውን። እንስሳውና ሰፈሩ የማይገናኙ መሆናቸውን ማስረዳት ድንጋይ እንደ መግፋት ነበር።

አስተማሪ ስለሆንኩ ስለ አመራረጡ እንዳስረዳ ቀበሌው መድቦኛል። ለማንም መቀስቀስ አይፈቀድልኝም። ቀሰቀስኩ። የሰኔ ዝናብ ጀምሮ የቀጨኔ ቁልቁለት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ፣ ከየሸማኔው ቤት የመወርወሪያውን ድምፅ እየሰማሁ እየዞርኩ በየበሩ አንኳኳለሁ። የጾም ጊዜ ነበርና በየቤቱ ሱፍ ፍትፍትና ትኩስ ሽሮ ያቀርቡልኛል። ሆዴን ይሞሉልኛል፣ ልቤን ያቃጥሉታል።

እማማ ደብሪቱ የሚባሉ፣ አባዬ የእግራቸውን ቁስል ክረምቱን ሙሉ ያጠበላቸው ሴትዮ፣ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አስጠግተው ካዩ በኋላ አሳማ አልመርጥም አሉ።

«አሳማ አይደለም እማማ፣ አውራሪስ ነው። ቀንድ አለው።»

«ቀንድ ያለው አሳማ» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ፤ «በጾም።»

አባዬን ከእኔ ጋር ውጣና ራስህን አስተዋውቅ ስለው ሰው ሥራ ላይ ነው፣ አናስቸግረው ይለኛል። በማን ይበልጥ እንደምናደድ ግራ ገባኝ፤ በሕዝቡ ወይስ በእሱ።

እጩዎቹ በቀበሌው አዳራሽ ለሕዝብ ሲቀርቡ ግን ነገሩ ተለወጠ። የየሰዉ የሕይወት ታሪክ ተነበበ። ባለ ዝሆኑና ባለ ቀጭኔው ስለ ምርት ዕድገት ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ሕዝቡም እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ተራው ሲደርስ አባዬ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ተነሳ። ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ መኪና የሚያስወጣ መንገድ እንደሌለ፣ በቅርቡ አንዲት ምጥ የያዛት ልጅ በቃሬዛ ስትወርድ ተሸካሚዎቹ ጭቃው ላይ ወድቀው ክሊኒክ ሳትደርስ መንገድ ላይ እንደወለደች፣ ሕፃኑን ሊያተርፈው እንዳልቻለ ተናገረ። «እኔ መንገድ ብቻ ነው የምጠይቀው» ብሎ ተቀመጠ። ከኋላ ያሉት ሴቶች ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጭብጨባውም አልቆም አለ።

ከዚያን ቀን በኋላ አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። ለቁጥር ማሟያ መሆኑን ረሳው። እራት ላይ መንገዱ በየት ቢወጣ እንደሚቀል እንጀራው ላይ በጣቱ ያሳየናል። በሰፈሩም ዝሆኑ ከጨዋታ ወጥቶ ወሬው ሁሉ አውራሪስና ቀጭኔ ሆነ። እናቴ በእነዚያ ቀናት ከቤት መጥፋት አበዛች። የዕድር ሴቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቿ፣ የማገዶ ተሸካሚዎቹ ዘንድ ሳይቀር ብቅ ትላለች። ለአባዬ ስትቀሰቅስ መስሎኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

የምርጫው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ወረደ። ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ ነጠላና ፕላስቲክ ለብሶ ቆሟል። አባዬ የክት ኮቱን ለብሶ መጣና እንደማንም ሰው መጨረሻ ላይ ተሰለፈ። ውጤቱ ሲነገር ቀጭኔው በጣት በሚቆጠር ድምፅ አልፏል። አባዬ የአሸናፊውን እጅ ጨብጦ ወደ ቤት ሄደ፣ ኮቱን አውልቆ ሰቀለና ክሊኒክ ረሳሁት ያለውን ነገር ሊያመጣ ወጣ። ክሊኒኩ ግን በዚያን ቀን ዝግ ነበር።

እኔ አልቻልኩም። በማግስቱ ቦኖው ጋ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች አግኝቼ ያለኝን ሁሉ አወረድኩባቸው፤ ለአንድ የሥዕል አንገት ብላችሁ የሚያክማችሁን ሰው ጣላችሁ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ከመካከላቸው እትዬ ወርቄ የምትባል የሸማኔ ሚስት ባልዲዋን አስቀምጣ «እኛን ለምን ትቆጪናለሽ?» አለችኝ። «እናትሽን ጠይቂያት። እያለቀሰች ስትለምነን ምን እናድርግ?»

ሮጬ ቤት ስገባ እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። የሰማሁትን ስነግራት እጇን ከአረፋው አላወጣችም።

«አባዬ ያሸንፍ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ። ባያሸንፍማ ምን አስለመነኝ?»

ወንድሟን አጎቴን ተፈራን አስታወሰችኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ግርግሩ በከፋበት ዘመን፣ የሚሠራበት ፋብሪካ ሠራተኞች የማኅበራቸው ሊቀመንበር አድርገው መርጠውት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትፈለጋለህ ተብሎ ተወሰደ፤ አልተመለሰም።

«እሱንም ሰው ወዶት ነው የመረጠው» አለች። «የተመረጠ ዕለት ጠላ የጠመቅኩት፣ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ልብሱን እንኳ አልመለሱልኝም።»

መንገዱስ አልኳት። ሸሚዙን ጨምቃ ጨምቃ ውኃው ካለቀ በኋላ «መንገዱን የሌላ ሰው ባል ይሥራው» አለችኝ።

ከእሷ ጋር ለብዙ ጊዜ በቅጡ አልተነጋገርንም። ለአባዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ባለ ቀጭኔው ሰውዬ ወደ ሰፈራችን ሲመለስ አላየሁም፤ የቁስቋም ሴቶችም በቃሬዛ መውረዳቸውን ቀጠሉ። መንግሥት ሲለወጥ ሰውዬው ለምርመራ ተብሎ ለተወሰነ ጊዜ ታሰረ ሲባል ሰማን። ወሬው ቤታችን ሲደርስ እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። አባዬ ጓዳው ወዳለበት አቅጣጫ ቆይቶ ካየ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያኔ የሠራችውን አውቃለሁ አለኝ። ሰልፉ ላይ ነው የገባው፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ማየት አፍሮ ነበር።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበላት? ፈርታ ነው። ያየችውን አይታለች።» ከዚያ «እኔ ግን ፈልጌው ነበር» አለኝ። ለራሱ የሆነ ነገር ፈለግኩ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለቱም አሁን የሉም። መንገዱ የወጣው አባዬ ከሞተ በኋላ ነው። ነገሩን ለልጆቼ ስነግር አንዷ «አያቴ ጎበዝ ናት» ትላለች፣ ሌላው «ሕዝቡን አታለለች» ይላል፤ ሁለቱም እኩል ያናድዱኛል። እናቴ ተሳስታለች እንዳልል፣ ያ የታሰረው ሰው አባቴ ሊሆን ይችል ነበር። ልክ ናት እንዳልል ደግሞ በዚያ ዳገት የወረዱት ቃሬዛዎች አሉ። ዕድሜዬ የእሷን የያኔ ዕድሜ አልፎ እንኳ ልብስ ሳጥብ በልቤ እሟገታታለሁ። መልሷን አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ «መንገዱን የሌላ ሰው ባል ይሥራው» ትለኛለች፣ እኔም የያዝኩትን ሸሚዝ ጨምቄ አሰጣለሁ።