የሰባኪው መርዶ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ጥገኝነት ስጠይቅ በካቴና አስረው ኦሮራ ወዳለው የስደተኞች ማቆያ ወሰዱኝ። አገሬም በፖለቲካ ታስሬ ስለማውቅ ብዙ አልደነገጥኩም። ክፍሉ አልጋ በአልጋ ነው፤ በረኪና ይሸታል። አንድ ወጣት ብድግ አለና «አባባ፣ እርስዎ ከታች ይተኙ» ብሎ አልጋውን ለቀቀልኝ። የአገር ልጅ ነው፤ የጴንጤ ሰባኪ።

ጠዋትና ማታ ለሐበሾቹ መጽሐፍ ያነብልናል፣ ጸሎት ይመራል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ፊደሉም እምብዛም አልዘለቀኝም። ቢሆንም እሰማዋለሁ። ያን ሰሞን የሚያነበው ስለ ጥንቱ የእስራኤል ሊቀ ካህናት ነበር። የአሥራ ሁለቱን ነገድ ስም በድንጋይ አስቀርጾ ደረቱ ላይ ይሸከማል። በዓመት አንድ ቀን ብቻውን ወደ ውስጠኛው መቅደስ ገብቶ የሕዝቡን ኃጢአት ያስተሰርያል። እናቱ እንኳ ብትሞት ልብሱን አይቀድድም፣ ከመቅደሱ አይወጣም።

«ይሄስ ጭካኔ ነው» አልኩት።

«እሱ ከወጣ ለሕዝቡ ማን ይቆማል፣ አባባ?»

«እናትየዋስ?»

ሳቀ። «እናንተን ኦርቶዶክሶቹን መቼም በለቅሶ ማን ይቀድማችኋል።»

እሁድ የእህቴ ልጅ እዚያው ዴንቨር ካለው ሞንትቤሎ ሰፈር ልትጠይቀኝ መጣች። ከመስታወቱ ማዶ ስልኩን አነሣች። «የሰባኪው እናት አርፈዋል» አለችኝ። «ቤተሰቡ ከእርስዎ ጋር መታሰሩን ሰምተው፣ እርስዎ እንዲያረዱት ለምነዋል።»

መርዶ በማለዳ ነው፤ በአንድ ሰው አፍም አይነገርም። ሲነጋ አብረውን የታሰሩትን ሌሎቹን ሁለት ሐበሾች ቀሰቀስኩ። አንድ ሜክሲኳዊም፣ ምን እንደገባው እንጃ፣ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሰባኪው ተሰልፈን ሲያየን ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«እናቴ ናት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

አላለቀሰም። መጽሐፉን አንስቶ «ጸሎታችንን እናድርስ» አለ። ጣቱ ግን ገጹን መግለጥ አቃተው።

«አስቀምጠው» አልኩት። «አንተ ሊቀ ካህናት አይደለህም፤ ልጇ ነህ። ዛሬ እኔ እቆማለሁ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ጠባቂው ዝም እንድንል መስኮቱን አንኳኳ። አማትቤ ተነሣሁና አባታችን ሆይን ጮክ ብዬ ጀመርኩ፣ ለቅሶው በኔ ድምፅ እንዲሸፈን። ሲያልቅ ደገምኩት። ጠባቂው ጥቂት አይቶን ሄደ።

ልጁን ብዙም ሳይቆይ ጥገኝነት ከልክለው ወደ አገሩ መለሱት። የእናቱ መቃብር ጋ ይድረስ አይድረስ አልሰማሁም። እኔ ተፈቅዶልኝ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ ግሌንዴል ነኝ፤ አርጅቻለሁ። ጴንጤ ለሙት ስለማይጸልይ፣ ለእናቱ ስጸልይ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሙታን ሲታሰቡ፣ ስሟን ስላላወቅሁ፣ «የዚያ ልጅ እናት» እላለሁ።