አያቴ የሚከፍቱት ፓኒኖ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ነገሩ ስለ ዳቦ ነው። ነገር ግን በሐይቅ ዳር ሳልፍ የትኩስ ዳቦ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር፣ ከረሃቤ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጸጸት ነው።

አባቴ እዚያው ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። የአባቴ አባት ከገጠር ይመጡ የነበረው በበጋ ቡናቸውን ለመሸጥ፣ ደግሞም የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼን በጉዱማሌ አደባባይ ለማክበር ነበር። ልጃቸው መሬቱን ትቶ ሊጥ ማቡካቱ እንደማይዋጥላቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባቴም በመጡ ቁጥር ቻባታ የሚባለውን፣ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበትን ዳቦ ጋግሮ፣ ሥጋና ፎርማጆ ሞልቶ፣ ጣሊያኖች ፓኒኖ የሚሉትን ሳንዱች አድርጎ ያቀርብላቸው ነበር።

አያቴ ግን ተከድኖ ለአንድ ሰው ብቻ የሚቀርብ ምግብ አያውቁም። ጸልየው ሲያበቁ ዳቦውን ከፍተው፣ ሥጋውን እያወጡ እኔንና እህቴን ያጎርሱን ነበር። «ልጅ እያየ ይበላል እንዴ?» ይሉና፣ ባዶውን ዳቦ ለእማዬ ሰጥተው እሳቸው ቆጯቸውን ይበላሉ።

አንድ በጋ አባቴ ጓዳ ገብቶ «አንድ ጊዜ እንኳ ቢቀምሱልኝ ምናለ!» ሲል ሰማሁት።

«ታዲያ እነዚህን ሁለት አፎች አርቃቸዋ!» ብላ እማዬ ሳቀች።

ይህን ሰምቼም ለፍቼ ሲመጡ ከእህቴ ቀድሜ ጉልበታቸው ሥር ተቀመጥኩና አፌን ከፈትኩ።

በሚቀጥለው ፍቼ አባቴ ፓኒኖውን ትቶ ፎካቻ ይዞ መጣ፤ ዘይትና ጨው ብቻ የነካው፣ የሚከፈት ነገር የሌለው ጠፍጣፋ ዳቦ። አያቴ ቆርሰው ለሁላችን አደሉ፣ ለራሳቸውም አስቀርተው ቀመሱ፣ ደገሙ።

«ከየት ገዛኸው?» አሉት፤ ከሆቴሉ የሚያመጣው ሁሉ የተገዛ ይመስላቸው ነበር።

«እኔ ነኝ የጋገርኩት፣ አባ።»

«ያንንስ፣ ሥጋ ያለበትን?»

«እሱንም እኔው ነኝ።»

አያቴ ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተስ፣ አፋችሁ የተፈጠረው ለመጉረስ ብቻ ነው? አትነግሩኝም ነበር?»

እህቴ ሳቀች፤ እኔ አቀረቀርኩ። አባቴ ስለ ራሱ ሥራ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ የእኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

አሁን በዩኒቨርሲቲው ካፌ ሳንዱች ስናዝ እያንዳንዳችን የራሳችንን ይዘን እንበላለን። ያኔ አንዱን ዳቦ ሁላችንም እንካፈል ነበር፤ የጋገረውን ሰው ግን ያኔም አላነሳነውም። አያቴ የሚቀጥለው ፍቼ ሳይደርስ ስላረፉ፣ የአባቴን ዳቦ የበሉት በዚያች ቀን ብቻ ነው፤ አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ በፍቼ ማግስት።